የሚቆጠር ብርና የሚመዘን ብር

(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ መሰባሰቢያ፣ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላው መርሐ ግብር የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ገንዘብ አያያዝ አንድ ነገር በልልን» ሲለኝ «ተሳስታችኋል፣ የኢኮኖሚክስ ሰዎች ሞልተው እኔን የኬሚስትሪውን ምን አመጣችሁኝ?» አልኳቸው። «አንተ የድሮ የብር ሳንቲም እንደምትገዛ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱን ንገረን» አሉኝ። እውነት ነው፣ እገዛለሁ። ከገዛሁም ከ30 ዓመት በላይ ሆነኝ። ነገር ግን ዛሬ የቆምኩት ግዙ ልላችሁ አይደለም። እንዴት እንደሚመዘን ላሳያችሁና አንድ ጥፋቴን ልነግራችሁ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንስማማ። በቋንቋችን «ብር» የማዕድኑም የገንዘቡም ስም ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። አያቶቻችን «ብር» ሲሉ በእጃቸው ላይ የሚከብድ፣ ድንጋይ ላይ ሲጥሉት የሚጮህ ነገር ማለታቸው ነበር። ዛሬ እኛ ስንለው ወረቀት ነው፤ የልጆቻችን ደግሞ ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር። እኔ የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው።

በ1969 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከዘመቻ ተመልሰን አራት ኪሎ ትምህርት እንደገና ጀምረናል። አባቴ በዚያ ዓመት ታሰረ። እናቴ ከሣጥኗ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ 30 ጠገራ ብር ነበራት፤ ከእናቷ የወረሰችው ነው። አንድ ቅዳሜ «አብረኸኝ ና» አለችኝና ወደ አንድ አንጥረኛ ቤት ሄድን። እናቴ እያንዳንዷን እየነካች ጮክ ብላ ቆጠረች፤ «አንድ፣ ሁለት...» እስከ 30። አንጥረኛው ዝም ብሎ አዳመጣትና ሁሉንም አፍሶ ሚዛን ላይ አደረጋቸው። ያሰላው የ30 ሳይሆን ከዚያ ያነሰ ነው። እናቴ ተቆጣች። እሱም በትሕትና «እማማ፣ እርስዎ ይቆጥራሉ፣ እኔ እመዝናለሁ። ጠርዟ የተፋቀች አለች፣ ለአንገት ጌጥ የተበሳች አለች፣ በእጅ ብዛት ያለቀች አለች» አላት። አንዷን የተበሳችውን መልሳ ወሰደች፤ 29ኙን ሸጠች። በዚያ ገንዘብ ቤታችን ክረምቱን አለፈ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር በኋላ የ30 ዓመት ልምዴ ሁሉ የተንጠለጠለበት ነው። የብር ሳንቲም ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ላዩ ላይ የተጻፈው፣ የሚቆጠረው ነው። ሌላው ውስጡ ያለው ማዕድን፣ የሚመዘነው ነው። ሰብሳቢዎች ሦስተኛ ዋጋ ይጨምሩበታል፤ ለብርቅነቱ የሚከፍሉት። ብዙ ሰው የሚከስረው እነዚህን ሦስቱን ሲያደባልቅ ነው።

ጠገራ ብርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን ስንቶቻችሁ መዝናችኋታል? አዲሷ 28.07 ግራም ያህል ትመዝናለች። ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ ከሺህ 833 እጅ ነው፤ 23.4 ግራም ገደማ። ዓለም ብርን የሚሸጠው በትሮይ አውንስ ነው፤ አንዱ 31.1 ግራም። ስለዚህ አንዲት ጠገራ ብር የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ያህል ንጹሕ ብር አላት። ወርቅና ዝባድ የሚመዘንበት ወቄት ራሱ ልኩ አንድ ጠገራ ብር ነበር። አያቶቻችን ገንዘቡንም የሚዛኑንም ድንጋይ በአንድ ከረጢት ይዘው ይዞሩ ነበር ማለት ነው።

ላይዋ ላይ 1780 ይላል። ይህን ዓመት አይታችሁ «የ240 ዓመት ዕቃ አገኘሁ» ብላችሁ እንዳትሮጡ። እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው፤ የቪየና ገንዘብ ማተሚያ ግን ዓመቱን ሳይለውጥ እስከ ዘመናችን ሲያትማት ኖሯል። ለምን ቢባል የእኛና የቀይ ባሕር ማዶ ሰዎች መልኳ ሲለወጥ አንቀበልም ስላሉ ነው። ነጋዴው በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥር ነበር። እንግሊዞች በ1860 የጄኔራል ናፒየርን ጦር ወደ መቅደላ ሲልኩ እንኳ ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍሉትን ጠገራ ብር ከቪየና ማስመጣት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ ማተሚያ ቅርጹን ከቪየና ወስዶ በሮም አሳተመ፤ እንግሊዞችም ተከትለው በለንደን አሳተሙ። ስለዚህ በእጃችሁ ያለችው በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ዘመን እንደታተመች የሚለየው ባለሙያ ነው። ለእኔና ለእናንተ የምትረባው በሚዛኗ ነው። አንድ ሻጭ «ጥንታዊ ናት» ብሎ ዋጋዋን እጥፍ ቢጠራላችሁ «ይቅርብኝ» በሉት።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያሳተሙት፣ አንበሳው ባንዲራ የያዘበት ብርም ሚዛኑ ከጠገራ ብር ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡ የለመዳትን ሴትዮ በቶሎ አልተወም። የንጉሠ ነገሥቱ ብር ግን ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ስለሆነ በሚዛን ዋጋ አይገኝም፤ በሚዛን ዋጋ የሚሸጥላችሁ ካለም ሐሰተኛ እንዳይሆን ፍሩ። የ50 ሳንቲሟን ሽልንግ ደግሞ ታስታውሳላችሁ? 1936 የተጻፈባት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሉባት። ከአሜሪካ በውሰት በተገኘ ብር ነው የተሠራችው። መጀመሪያ የታተመችው ከመቶ 80 እጅ፣ በኋላ የታተመችው 70 እጅ ብር ናት፤ ሁለቱም ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው። ቤታችሁ አሮጌ ቦርሳ ውስጥ ካለች በአምሳ ሳንቲምነቷ አትናቋት።

አሁን ወደዚህ አገር ልምጣ። በ1974 ዓ.ም. ዋሽንግተን ስገባ ያገኘሁት ሥራ፣ እዚህ ያለነው ግማሾቻችን እንደምናውቀው፣ ፓርኪንግ ነው። (ሳቅ) ዲግሪዬን ሣጥን ውስጥ አድርጌ የሰው መኪና አቆማለሁ። ማታ ማታ መሳቢያውን ስንቆጥር አንድ አብሮኝ የሚሠራ ሽማግሌ ሳንቲሞቹን ጠረጴዛ ላይ እያንጠባጠበ ያዳምጣል። «ምን ታደርጋለህ?» ስለው አንድ ኳርተር ጣለ፤ ደነዝ ያለ ድምፅ ሰጠ። ሌላ ጣለ፤ እንደ ቃጭል ጥርት ብሎ ጮኸ። «ይህቺ ብር ናት» አለኝ። ከኪሱ 25 ሳንት አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ተካና እሷን ወሰደ። እኔ ደግሞ የእናቴ አንጥረኛ ትዝ አለኝ። ለካ እዚህም የሚቆጥርና የሚመዝን አለ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ እስከ 1964 የታተሙት ዳይም፣ ኳርተርና ሀፍ ዶላር ከመቶ 90 እጅ ብር ናቸው። በ1960ዎቹ የብር ዋጋ እየወጣ ማዕድኑ የተጻፈውን ዋጋ ሊያልፍ ሆነ። በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ዳይምና ኳርተር ብር መሆናቸው ቀረ፤ መዳብና ኒክል ሆኑ። ሀፍ ዶላሩ እስከ 1970 ድረስ 40 እጅ ብር እየሆነ ቆየ። የኢኮኖሚክስ መምህራኖቻችን «ክፉ ገንዘብ ደጉን ገንዘብ ከገበያ ያስወጣል» ሲሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ነገር ይመስለን ነበር። እኔ በፓርኪንግ መሳቢያ ውስጥ አየሁት። ሰው ሁሉ ደጉን እየለቀመ ወደ ቤቱ ወሰደና ገበያው ላይ ክፉው ብቻ ቀረ።

እነዚህ ያለቁ፣ ለሰብሳቢ ብርቅ ያልሆኑ ሳንቲሞች በንግዱ ቋንቋ «ጀንክ ሲልቨር» ይባላሉ፤ ውዳቂ ብር እንደ ማለት ነው። ስሙ ይሁን እንጂ ብሩ ውዳቂ አይደለም። አቅሙ ትንሽ ለሆነ ሰው የሚመቹትም ለዚህ ነው፤ ለብርቅነት አትከፍሉም፣ በጥቂቱ ትገዛላችሁ፣ ስትሸጡም አንዲት ዳይም እንኳ ነጥላችሁ መሸጥ ትችላላችሁ። አንድ ኪሎ የብር ጡብ ተቆርሶ አይሸጥም።

ስሌቱን ማንም ይችለዋል። አሥር ዳይም፣ ወይም አራት ኳርተር፣ ወይም ሁለት ሀፍ ዶላር፣ ማለትም አንድ ዶላር የተጻፈበት የብር ዝርዝር፣ አዲስ ሳለ 25 ግራም ይመዝናል። ዘጠና እጁ 22.5 ግራም ነው፤ ይህም 0.723 አውንስ ይሆናል። በእጅ ብዛት ስለሚያልቅ ነጋዴዎች 0.715 ብለው ይይዙታል። ለምሳሌ ያህል አንድ አውንስ 30 ዶላር ነው እንበል። 0.715ን በ30 ስታባዙ 21 ዶላር ከ45 ሳንት ይመጣል። የማዕድኑ ዋጋ ይኸው ነው። የዕለቱን ዋጋ ስልካችሁ ላይ አይታችሁ በ30 ፈንታ እሱን ተኩ።

ታዲያ ነጋዴው በ21.45 አይሸጥላችሁም። 24 ይላችኋል እንበል። ያው ዕለት መልሳችሁ ልትሸጡለት ብትሉ 20 ይሰጣችኋል። ገና ከሱቁ በር ሳትወጡ 4 ዶላር ከስራችኋል ማለት ነው። የከፈላችሁትን 24 መልሳችሁ ለማግኘት የአውንሱ ዋጋ ከ30 ወደ 36 መውጣት አለበት። ሃያ በመቶ! እባካችሁ ከዛሬው ንግግር ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ትሸጣለህ?» ሳይሆን «ስንት ትገዛኛለህ?» ነው። ሁለተኛውን ለመናገር የሚያቅማማ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁም አትግዙ።

ሐሰተኛ ሳንቲም ዛሬ በብዛት አለ። ላብራቶሪ አያስፈልግም። ግራም በነጥብ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ግዙ፤ ዳይም 2.5፣ ኳርተር 6.25፣ ሀፍ ዶላር 12.5 ግራም ነው። ያለቀ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ከጨመረ ግን ጠርጥሩ። ማግኔት አስጠጉ፤ ብር አይሳብም። ነገር ግን ማግኔት የማይስበው ሐሰተኛም ስላለ በዚህ ብቻ አትተማመኑ። ጠርዙን እዩ፤ ቡናማ የመዳብ መስመር ካለው ከ1964 በኋላ የመጣ ነው። የጠገራ ብር ጠርዝ ላይ ደግሞ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍና ጌጥ አለ፤ ጠርዟ ለስላሳ ከሆነ ተዋት። ከዚያ በስተመጨረሻ እንደዚያ ሽማግሌ አዳምጡ። እባካችሁ በአመድም ሆነ በኬሚካል አትፈትጉት! ይህን የምለው እንደ ኬሚስት ነው። ጥቁረቱ ብሩን አይጎዳውም፤ ፈትጋችሁ የምታነሡት ግን ከብሩ ላይ ነው፤ ሰብሳቢም የተፈተገ አይፈልግም።

ደግሞ አንድ የአገር ጉዳይ። ክረምት አገር ቤት ስትሄዱ መርካቶ ወይም ፒያሳ ጠገራ ብር ታያላችሁ፤ «ጥቂት ላምጣ» ትላላችሁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ቅርስ ባለሥልጣንን ሳትጠይቁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ከዚያም በላይ፣ እዚህ በየሱቁ የሚገኘውን ማዕድን ብላችሁ የአገርን ታሪክ በግራም አታውጡ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሚያዝያ የብር ዋጋ በአውንስ ወደ 49 ዶላር ደረሰ። እኔ በ10 እና ከዚያም ባነሰ ዋጋ የገዛሁት ስለነበረ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው የማወራው እሱን ሆነ። አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ አራት ዓመት አንድ ካፍቴሪያ የበላን፣ «ልግዛ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ግዛ፤ ይህ ነገር ከእንግዲህ አይወርድም» አልኩት። 6 ሺህ ዶላር አወጣ። ገንዘቡ የልጁ የኮሌጅ መግቢያ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋው ወደ 35 ወረደ። በዓመቱ መጨረሻ ከ30 በታች ነበር። በ2013 የልጅቷ ክፍያ ሲደርስ 20 አካባቢ ሆኖ አገኘው። ሸጠ። ከ6 ሺው ግማሹ እንኳ አልተመለሰለትም።

ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ሽማግሌ ገብቶ ሲያስታርቀን የኪሳራውን እኩሌታ ልክፈልህ አልኩት። እሱ ያለኝን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም፦ «ገንዘቡን አይደለም የተቀየምኩህ። "አይወርድም" ያልከኝን ነው። ኬሚስት ነኝ ትላለህ፤ ያልመዘንከውን ለምን ተናገርክ?» ይህን የምነግራችሁ ፈቅዶልኝ ነው። ዛሬ እዚሁ አዳራሽ አለ፤ እነሆ እየሳቀብኝ ነው።

ጥፋቴ የት እንደሆነ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ብር ቀድሞም እ.ኤ.አ. በጥር 1980 ወደ 50 ዶላር ወጥቶ ነበር፤ የሀንት ወንድማማቾች ገበያውን ሊጠቀልሉት ሲሞክሩ። በመጋቢት መጨረሻ ወደ 11 ዶላር ተንኮታኮተ። ያን ጊዜ በ50 የገዛ ሰው ዋጋው ወደዚያ ሲጠጋለት 31 ዓመት አልፎታል፤ በዚያ መሐል ዶላሩ ራሱ ስንት እንደረከሰ እናንተ ታውቃላችሁ። ብር አይወልድም። ወለድ የለው፣ ኪራይ የለው። ተቀምጦ ይጠብቃል፣ በቃ። ታሪኩን ባውቅ ኖሮ፣ ወይም የማውቀውን ባስታውስ ኖሮ «አይወርድም» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር።

ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁትን ልክ ልንገራችሁ፤ ሕግ አይደለም። ከቁጠባዬ ከመቶ 5 እጅ በላይ ብር አልይዝም። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የምፈልገውን ገንዘብ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የቤት ክፍያ፣ ለአገር ቤት የምልከውን፣ አልነካም። ስገዛ እንደ ዕቁብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እገዛለሁ፤ ዋጋው ሲጮህ አልሮጥም፣ ሲወርድም አልደነግጥም። በብድርና በክሬዲት ካርድ አልገዛም። ደረሰኝ አስቀምጣለሁ፤ ስሸጥ ትርፉ ላይ ግብር አለና። እዚህ አገር የግብር ሕጉ የብር ሳንቲምን እንደ ሰብሳቢ ዕቃ ስለሚያየው ከዓመት በላይ ይዛችሁት እንኳ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የባንክ ሣጥን ውስጥ ያለውን መንግሥት እንደ ተቀማጭ ገንዘብ አይመድንላችሁም፤ የቤት ኢንሹራንስም ለሳንቲም የሚከፍለው ጣሪያው በጣም ትንሽ ነው፤ ውላችሁን አንብቡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የት እንዳለ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ። ባለቤቱ ሞቶ ቤተሰቡ የብር ኳርተሩን በ25 ሳንትነቱ ዳቦ እንደገዛበት በዓይኔ አይቻለሁ።

እናቴ ያስቀረቻት የተበሳችው ጠገራ ብር ዛሬ እኔ ዘንድ ናት። ይዣት መጥቻለሁ። ከመድረኩ ስወርድ ከሚዛኑ ጋር በየጠረጴዛው ትዞራለች፤ መዝኑና ስንት እንደጎደላት ለራሳችሁ አስሉ። መልሱን ለመጀመሪያ የሚነግረኝ ሰው ማታ ቡናውን በእኔ ነው። «አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ይቅርታ ያድርግልኝ፤ ያንን እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጠው ጓደኛዬ አንዴ መልሼለታለሁ፤ ዳግመኛ አልመልስም።